ከነዳጅ ሰልፍ ወደ ጋራ ቆጣሪ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይስ ሃይብሪድ?

ጥያቄ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። አዘዞ የምኖር፣ አራዳ አካባቢ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ያለኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ሱቄ ውዬ ወደ ቤት ስመለስ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። በወር አንድ ጊዜ መድኃኒት ለማምጣት ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ አማቴ ደባርቅ ስለሚኖሩ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ያለችኝ ቪትዝ አርጅታለች። ከእርጅናዋ በላይ ያሰለቸኝ ግን የነዳጅ ሰልፉ ነው፤ ባለፈው ወር ሱቄን ዘግቼ ሁለት ሙሉ ቀን ማደያ በር ላይ ውያለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹ቪትዟን ሽጪ፣ ሲጋል የምትባለውን የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ልላክልሽ› ይለኛል። ባለቤቴ በበኩሉ ‹መብራት በሚጠፋበት ከተማ በመብራት የሚሄድ መኪና አይገዛም› ብሎ 140,000 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሠራ ያሪስ ሃይብሪድ አግኝቷል። የሁለቱ ዋጋ ተቀራራቢ ነው፤ ቪትዟን ሳልሸጥ ግን፣ ዕቁቤም ቢደርሰኝ ገንዘቡ አይሞላም። ቤቱ የራሳችን ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
መ. ከአዘዞ»

መልስ

ወ/ሮ መ.፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ የያዘው የወንድምዎና የባለቤትዎ ክርክር ነበር፤ በሁለተኛው ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት «ቆጣሪው የጋራ ነው» የምትል ሐረግ አላስኬድ አለችኝ። ለእርስዎ የሚሻለው የትኛው መኪና እንደሆነ ለመናገር ብዙም አልቸገርም፤ የሚያስቸግረው ያ መኪና ማታ ማታ የሚሰካበት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል፦ የግቢዎ የመብራት መስመር መስተካከል የሚችል ከሆነ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ይግዙ፤ የማይስተካከል ከሆነ ቪትዝዎን ይዘው ይቆዩ። ያሪሷን በየትኛውም ሁኔታ አልመክርዎትም።

ከሂሳቡ እንጀምር። በቀን 30 ኪሎ ሜትር በወር 26 ቀን ቢነዱ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያረጀች ቪትዝ፣ ያውም ጠዋት ጠዋት ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትጠጣ አይገርምም። ይህ በወር 62 ሊትር ቤንዚን ነው። ያንኑ መንገድ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት እየወሰደች ትሄደዋለች፤ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነውንም ጨምሬ ነው የያዝኩት። በወር 133 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የቤንዚን የማደያ ዋጋ በሊትር 100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ በዚያች በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 6,200 ብር ይወጣል። ለመኖሪያ ቤት የሚከፈለው የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም በፊት ለከፍተኛ ተጠቃሚው እርከን በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ሄዶ ሄዶ 10 ብር ይግባ ብለን ብንይዝ እንኳ የወሩ የመኪናዎ ወጪ 1,330 ብር ነው። የዘይት መቀየሪያው፣ የካንዴላው፣ የፍሪሲዮኑና የችንጋው ወጪ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጨርሶ የለም። ከጥቁር ገበያ በጀሪካን የገዙት ቤንዚን ካለ እሱን እርስዎ ይደምሩት፤ እኔ አላሰላሁትም።

ስለዚህ ወንድምዎ በገንዘቡ በኩል ልክ ናቸው። ባለቤትዎም የዋዛ ነገር አልተናገሩም። መብራት ይጠፋል፤ ይህን ከአዘዞ ነዋሪ በላይ ማንም ሊነግረን አይችልም። ነገር ግን «መብራት ይጠፋል» ሲባል ምን ያህል ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት የሚለው መመለስ አለበት። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የእኛ ሰፈር ጨለማ በማመንጨት እጥረት ይመጣል ለማለት ይከብዳል። ችግሩ ያለው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤታችን ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ነው፤ የተወሰነው በእኛ እጅ የሚስተካከል፣ የተወሰነው ደግሞ በእኛ እጅ የሌለ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንደ ስልክ ባትሪ በየማታው ባዶ የሚሆን አይደለም። የሲጋል ትልቁ ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የእርስዎ የቀን ፍጆታ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው ሞልቶ ካደረ በኋላ መብራት ቢጠፋ፣ ያለ ምንም ቻርጅ ሰባት ቀን ገደማ ልጆችዎን አድርሰው ሱቅዎን ከፍተው መመለስ ይችላሉ። ግማሽ ሆኖ ቢጠፋ እንኳ ሦስት ቀን አለዎት። የየቀኑን ፍጆታ ለመመለስ ደግሞ ከተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ የሚያስፈልገው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ በሌሊቱ ውስጥ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ቢመጣም ይህችን ያህል ሰዓት አያጡም። ማደያ በር ላይ ካሳለፏቸው ሁለት ቀኖች ጋር ያስተያዩት። እኔ ብሆን ለራሴ አንድ ደንብ አወጣ ነበር፦ ባትሪው ከግማሽ በታች ሳይወርድ መሰካት። ሰልፉ ባይከለክልዎት ኖሮ የቪትዝዎ ሰልባታዮ ሲጋመስ ነዳጅ ይቀዱ እንደነበረው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ በኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ እኔ ቤት አደረ። ሳሎን ካለው ሶኬት ኤክስቴንሽን ጎትተን በመስኮት አወጣንለት፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም የተሰኩት በዚያው ኤክስቴንሽን ላይ ነበር። እኩለ ሌሊት አልፎ የሚሸት ነገር ቀሰቀሰኝ፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል፣ አፍንጫ የሚያክ ሽታ ነው። ተነሥቼ የኤክስቴንሽኑን ጫፍ ስይዘው እጄን ለበለበኝ። ነቅዬ ሳየው ፕላስቲኩ ለስልሶ የሹካውን እግሮች እንደ ሰም አቅፏቸዋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ዙሪያውን እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። ብሬከሩ ግን አልወረደም። መውረድም አይጠበቅበትም ነበር፤ የሄደው ኤሌክትሪክ ከአቅሙ በላይ አልነበረም። ያልቻለው ቀጭኑ የኤክስቴንሽን ገመድና የላላው ሶኬት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመኪና ቻርጀር የበለጠ፣ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ግን ምጣድ ለአንድ ሁለት ሰዓት ተሰክቶ ይነቀላል። መኪና ግን ሳያቋርጥ ስምንትና አሥር ሰዓት ይስባል፤ ገመድን የሚያሞቀው ይህ ነው። ኃፍረቴን የነገርኩዎት እርስዎ እንዳይደግሙት ነው።

የእርስዎ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ አለ፤ ሦስት ምጣድ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ብሬከር ይመልከቱት፤ 25፣ 32 ወይም 40 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። 25 ከሆነ የግቢው ሁሉ አቅም 5.5 ኪሎዋት ነው። አንዲት ተከራይ እንጀራ ስትጋግር እርስዎ መኪናዎን በ2.2 ኪሎዋት ቢሰኩ ሁለቱ ብቻ 5.7 ይሆናሉ፤ ፍሪጅና አምፖል ሳይቆጠር። ብሬከሩ ይወርዳል፣ የአንዷ እንጀራ ምጣድ ላይ ይቀራል፣ የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። ከዚህ የከፋው የሂሳብ ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሰባት እርከን ያለው ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቀድሞውኑ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ በዚያ ላይ የእርስዎ መኪና 133 ኪሎዋት ሰዓት ሲጨምር ሂሳቡን በነፍስ ወከፍ የምታካፍሉ ከሆነ ተከራዮችዎ የእርስዎን «ነዳጅ» ሊከፍሉ ነው። አንድ ወር ዝም ይላሉ፤ በሁለተኛው ወር በግቢው ውስጥ ሰላም አይኖርም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የተሻለው ለእርስዎ ቤት ለብቻው ቆጣሪ እንዲገባ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ነው፤ ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ማመልከቻውን ዕቁቡ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ያስገቡ። ያ እስኪሆን ድረስ ከዋናው ብሬከር ቀጥታ ወደ መኪናው ማቆሚያ ለብቻው መስመር ያስጎትቱ፤ በመስመሩ ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙና በየወሩ የመኪናውን ፍጆታ ከሂሳቡ አስቀድመው ለብቻዎ ይክፈሉ። ቁጥሩን ተከራዮችዎም እንዲያዩት ያድርጉ።

ኤሌክትሪሺያኑን ሲያስጠሩ እነዚህን ይንገሩት፤ «መኪና ልሰካ ነው» ብቻ ካሉት ተራ ሶኬት ገጥሞልዎት ይሄዳል። ገመዱ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ የቤት ሶኬቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩበት 2.5 ለሌሊት ሙሉ ሥራ ይጠባል። ብሬከሩ ለብቻው ይሁን። ከሁሉም በላይ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር፣ ይኑረው። ብዙ የቆዩ የጎንደር ቤቶች ኧርዝ የላቸውም፤ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከምንም ጋር ሳትገናኝ የቀረችባቸው ብዙ ናቸው። የመኪና ቻርጀር ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። በዚህ ጊዜ «አታልሉት፣ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) ከኧርዙ ጋር አገናኙት» የሚል ብልጥ ሠራተኛ አይጠፋም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ቢላቀቅ የመኪናው ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ በሩን መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ልጅዎ ነው። ትክክለኛው ሥራ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ከዚያ መስመር ማምጣት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣም በመስመሩ ላይ የቮልቴጅ መከላከያ ይግባበት። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ምሽት ደግሞ ነቅለው ይተኙ።

ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ራት ሲሠራ ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ በሞካሪ ለክቶ እንዲነግርዎትም ያድርጉ። 220 መሆን የሚገባው 180 ከደረሰ ቻርጀሩ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወዲያ እንዲጀምር ማስተካከል ይኖርብዎታል። ብዙዎቹ መኪኖች ይህንን በሰዓት ለማዘዝ ይፈቅዳሉ።

የሃይብሪዷን ነገር ባለቤትዎ ያሰቡት «ነዳጅ ሲጠፋ በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ በነዳጅ» በሚል ይመስለኛል። እንዲህ የሚሠራ ሃይብሪድ አለ፤ ከግድግዳ የሚሰካው ዓይነት ነው። ያሪሷ ግን የዚያ ወገን አይደለችም። መሰኪያ የላትም። በባትሪዋ ውስጥ ያለው ኃይል ሁሉ መጀመሪያ ከቤንዚን የመጣ ነው፤ ፍሬን ሲይዙና ቁልቁለት ሲወርዱ ትመልሰውና ሲነሡ ትጠቀምበታለች። ይህ ጥሩ ብልሃት ነው፤ በከተማ ውስጥ መቆምና መሄድ በሚበዛበት መንገድ 62 ሊትሩን ወደ 40 ሊትር ሊያወርደው ይችላል። እርስዎን ያሰለቸዎት ግን የሊትሩ ብዛት አይደለም፤ ሰልፉ ነው። 40 ሊትር ለመቅዳትም እንደ 62ቱ ሁሉ ማደያ በር ላይ ማደር አለ፤ በቴሌብር የሚከፍሉትም ተራዎ ሲደርስ ነው። የዳገቱና የቁልቁለቱም ጥቅም ለእሷ ጠባብ ነው፤ የዚህ ዓይነት ሃይብሪዶች ባትሪ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ሲወርዱ ገና ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላና የቀረው ኃይል በሞተሩና በፍሬን ሸራው ላይ ይባክናል።

በዚያ ላይ 140,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የሃይብሪድ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በማራገቢያ ነው፤ አየሩን የሚስበው ከኋላ ወንበር አካባቢ ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። አቧራማ መንገድ ላይ የኖረች መኪና ከሆነች ያቺ ወንፊት በአቧራና በምንጣፍ ጭገር ትደፈናለች፣ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ባለቤትዎ ሐሳባቸውን የማይለውጡ ከሆነ ቢያንስ ያቺን ወንፊት ከፍተው ይዩ፤ ባትሪውንም በኮምፒውተር የሚመረምር ጋራዥ ሳያሳዩ ቀብድ አይክፈሉ። ያው ሞተርም፣ ካምቢዮም፣ ባትሪም ያለባት መኪና ናት፤ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ከሁለቱም ወገን ነው።

ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ እንምጣ፤ ለእርስዎ ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነው። የሲጋል ትልቁ ባትሪ በቻይናው መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። ያ መለኪያ ለጋስ ነው። በማክሰኝት፣ በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል፣ በሰዓት 70 እና 80 እየነዱ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዙ (የቻርጅ ብክነቱ እዚህ አልተጨመረም) ሙሉው ባትሪ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ አንድ አምስተኛውን ለክፉ ቀን ሲያስቀሩ 240። ከአዘዞ ባሕር ዳር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባትሪው ላይ 40 በመቶ ያህል ተርፎ ይደርሳሉ። ደርሶ መልስ ግን በአንድ ሙሌት አይቻልም። ባሕር ዳር ላይ 22 ኪሎዋት ሰዓት መመለስ ያስፈልግዎታል፤ ይህ ከተራ ሶኬት 11 ሰዓት ነው። እንግዲህ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ቀርቶ፣ ሰክተው የሚያድሩበት ዘመድ ቤት ወይም አስቀድመው «መኪና ቻርጅ አደርጋለሁ» ብለው የተስማሙበት ማረፊያ ሊኖርዎት ይገባል። ያን ሌሊት መብራት ቢጠፋ ሁለተኛ ሌሊት ያድራሉ። መንገድ ላይ ቢያልቅብዎት ደግሞ ከአንድ ሆቴል ሶኬት የአንድ ሰዓት ቻርጅ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሰጥዎት፤ ወረታ ላይ ቁጭ ብሎ ማምሸት ማለት ነው። መንገዱ በሚዘጋበትና በሚያጠራጥርበት ሰሞን እንዲህ ያለ ማምሸት እንዴት እንደሚከብድ ለእርስዎ አልነግርም።

ስለዚህም ምክሬ የባሕር ዳሩን ጉዞ ለመኪናው ምርጫ መነሻ አያድርጉት የሚል ነው። በወር አንድ ቀን ነው። ያን ቀን በሚኒባስ ሄደው መድኃኒቱን በጭነት ማስላክ፣ ወይም ለዕለቱ መኪና መከራየት ይቻላል፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ሲሉ ሃያ አምስቱን ቀን ሰልፍ ላይ መዋል ግን ልክ አይመስለኝም። ለዚሁም ጭምር ነው ወንድምዎ ትንሹን ባትሪ፣ ባለ 30.08ቱን፣ ረከሰ ብለው እንዳይገዙ የምለው። በወረቀት ላይ ባሕር ዳር ያደርሳል፤ መንገድ ላይ አንድ ማዞሪያ ቢያጋጥም ግን ልብ ያንጠለጥላል።

ደባርቅ ይቀላል። ከአዘዞ እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ድረስ መውጣት መኪናውን ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ ብለን ብንይዘው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል፤ ሲመለሱ ግን ቁልቁለቱ ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ የቤንዚን ሞተር ሲደክም የኤሌክትሪክ ሞተር እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ቪትዝዎ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስታቃስት የሰሙ ጆሮዎችዎ ልዩነቱን ይለዩታል። አማትዎ ቤትም ለበዓል አንድ ሌሊት ስለሚያድሩ ለመሰካት ጊዜ አለዎት፤ የእሳቸውንም ሶኬት ግን አስቀድመው ያስዩት።

ወንድምዎ ሲገዙ ምን ይዩ? የቻይና ገበያ መኪና ከሆነ መሰኪያው በአውሮፓ ደረጃ ከተሠራው የተለየ ነው፤ አብሮ የሚመጣውን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሳይቀበሉ አይረከቡ። የማያ ገጹ ቋንቋ ቻይንኛ ብቻ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የአምራቹ ዋስትና በሦስተኛ ወገን ለገባ መኪና እዚህ አገር ላይሠራ ስለሚችል፣ በጽሑፍ ያስይዙት። ባትሪው ወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው፤ መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ወደ ቤትዎ የሚያስገባው የኮብልስቶን ወይም የጠጠር መንገድ ወለሏን እንዳይቧጭራት በጫማዎ እየለኩ ይራመዱበት። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪም አለች፤ እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሞልቶም ቢሆን መኪናው አይነሣም፤ ይህንን የጎሚስታውም ልጅ ሊያስነሣልዎት ስለሚችል አይደንግጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደብዳቤዎ ውስጥ አልጠየቁኝም፣ ግን መድኃኒት ቤት አለዎት። ኢንሱሊንና ሌሎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለባቸው መድኃኒቶች የሚያኖሩበት ፍሪጅ ይኖርዎታል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከባትሪያቸው 220 ቮልት ወደ ውጭ ይሰጣሉ። ትንሽ የመድኃኒት ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። እንዲህ ያለ መኪና ሱቅዎ በር ላይ ቆሞ መብራት በጠፋ ቀን ፍሪጅዎን ያለ ጄኔሬተርና ያለ ቤንዚን ያቆይልዎታል። ይህ የሌላቸው ሞዴሎችም ስላሉ ወንድምዎን ከዋጋው በፊት ይህንን ያስጠይቋቸው። ባለቤትዎንም ከእኔ ሂሳብ ሁሉ ይልቅ ይህ ያሳምናቸው ይሆናል፤ «በመብራት የሚሄድ መኪና» መብራት ሲጠፋ መብራት ሰጪ ሲሆን።

የቪትዟ ሽያጭ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ገንዘቡ ያለ እሷ እንደማይሞላ ነግረውኛል፤ ነገር ግን መስመሩ ሳይጎተት፣ ቆጣሪው ሳይለይ አሁን ቢሸጧት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው መሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌዎች ተፈላጊነታቸው አልሞተም፤ የሁለት ወር መዘግየት ብዙ አያስከስርዎትም። ቦሎዋንና ሊብሬዋን አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ቻርጀሩ በራስዎ ግቢ ውስጥ አረንጓዴ መብራት አብርቶ ባደረ ማግሥት ይሽጧት። ለዚህም አዲሱ መኪና እስኪመጣ መጠበቅ የለብዎትም፤ ከሰፈርዎ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ፈልገው አንድ ሌሊት እርስዎ ግቢ እንዲሰካ ይለምኑት፣ የሂሳቡን እርስዎ ይቻሉ። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥተው ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ካቃጠለ ነቅለው ኤሌክትሪሺያኑን መልሰው ይጥሩት።

የዋናውን ብሬከር ቁጥር፣ የማታውን ቮልቴጅና ኧርዝ መኖር አለመኖሩን ጽፈው ቢልኩልኝ፣ መስመሩ ስንት ካሬ መሆን እንዳለበትና ቻርጀሩን በስንት አምፔር እንደሚያዙት በሚቀጥለው እትም ለይቼ እጽፍልዎታለሁ።